ከጎንደር ተነሥቶ የግሪክን ገጠርና ገዳማት ብቻን በብስክሌት መጎብኘት

ለጎንደር ሰው የግሪክ ተራራ ብዙም አያስፈራም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በግሪክ ብስክሌተኞች ዘንድ ከባድ ከሚባሉት ዳገቶች አንዱ የሆነው የካታራ በር 1,700 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የወንዶች ገዳማት ያሉበት የአቶስ ቅዱስ ተራራ ጫፍ እንኳ 2,033 ሜትር ስለሆነ ከፒያሳችን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ይህን ጉዞ ብቻውን ለማድረግ ያሰበ የጎንደር ልጅ አስቀድሞ ሊጨነቅ የሚገባው ስለ ሳንባው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ ገዳማት በቀትር በራቸውን ይዘጋሉ፤ አንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ጭራሽ እንግዳ አይቀበሉም፤ የመንደር ሱቆችም ከቀትር በኋላ ለረጅም ሰዓት ያርፋሉ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሚያኮራ ፍጥነት ጨርሶ የተዘጋ በር ፊት የሚቆም ተጓዥ ብዙ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ሁሉም ነገር፣ የወሩ ምርጫም ሆነ የልብሱ አያያዝ፣ ከአንድ ሐሳብ ይነሣል፤ ይኸውም የዕለቱን ጉዞ ከገዳሙ በር መከፈቻ ሰዓት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ ነው።

ወሩን መምረጥ

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የእኛንና የእነሱን ወቅት አለማምታታት ነው። ጎንደር በዝናብና በጭጋግ በምትሸፈንበት በሐምሌና በነሐሴ ግሪክ በደረቅ ሙቀት ትነዳለች፤ በሜዳማው በቴሳሊያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፣ የደን ቃጠሎም በአብዛኛው የሚነሣው በእነዚህ ወራት ነው። አደጋ ሲኖር የግሪክ መንግሥት በ112 ሥርዓት በአካባቢው ወዳሉት ስልኮች የማስጠንቀቂያ መልእክት ይልካል፤ ይህ መልእክት የደረሰው ብስክሌተኛ ሳያመነታ መንገዱን መለወጥ አለበት። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የፒንዶስ ተራሮች በረዶ ይለብሳሉ። የሚመረጠው ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ወይም ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው።

ወሩ ከታወቀ በኋላ የበዓላቱን ቀን ማየት ይገባል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ለቋሚ በዓላት የተሻሻለውን የዘመን አቆጣጠር ስለምትጠቀም፣ ልደትን በእኛ ታኅሣሥ 16፣ ጥምቀትን ታኅሣሥ 28፣ የመስቀልን በዓል መስከረም 4፣ የእመቤታችንን የዕረፍት በዓል ደግሞ ነሐሴ 9 ቀን ታከብራለች። ትንሣኤ ግን አሁንም በአሮጌው ስሌት ስለሚወጣ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ የ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ እዚያም እዚህም ሚያዝያ 24 ቀን፣ በእነሱ ሜይ 2 ቀን 2027 ነው። በሰሙነ ሕማማት መጓዝ ለምእመን ትልቅ ጸጋ ነው፤ በዓርብ ስቅለት ምሽት በየመንደሩ በአበባ ያጌጠው የጌታ መቃብር ምሳሌ በዝማሬ ሲዞር የገጠሩ ሰው ሁሉ ሻማ ይዞ ይከተላል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አውቶቡሶችና የእንግዳ ክፍሎች ይሞላሉ፣ የጉብኝት ሰዓታትም ይለወጣሉ፤ ለማደሪያ ከወራት በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ነሐሴ 9 ቀንም እንዲሁ ነው፤ በሙቀቱም በሕዝቡ ብዛትም ምክንያት ለብስክሌት ጉዞ የከፋ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የሰዓት አቆጣጠሩም ጥቂት ማስተዋል ይፈልጋል። ግሪክ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት ላይ ስትሆን፣ በቀሩት ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከዚህ በታች ሰዓቱን የጻፍሁት በገዳማቱ በር ላይ በሚለጠፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ተጓዡም በማስታወሻው ላይ እንዲሁ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ በድካም ጊዜ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ስሕተትን ይጋብዛልና።

ቪዛ፣ ገንዘብና ወረቀት

ግሪክ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር የሆነው የሼንገን አባል ናት። የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት ያስቆያል፤ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር እስከ 15 ቀን በፊት ይቀርባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱም ከሼንገን አገሮች ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ስለሆነ የጎንደር ነዋሪ የምልልሱን ወጪ ከወዲሁ ያስላ። ለብስክሌት ተጓዥ አስቸጋሪ የሚሆነው የማደሪያ ማስረጃው ነው፤ በየምሽቱ የት እንደሚያድር አስቀድሞ ማሳየት ይጠበቅበታልና። ስለዚህ ያለ ክፍያ ሊሰረዙ የሚችሉ ክፍሎችን ይያዙ፣ ቀን በቀን የተጻፈ የጉዞ ዕቅድም አያይዘው ያስገቡ፤ የገዳማቱ የመዝጊያ ቀን የተጻፈበት ዕቅድ ለቪዛ መኮንኑም ለራስዎም ይጠቅማል። ከባንክ ዩሮ ሲገዙ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዘው ይቅረቡ። የገዳማት መግቢያ በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፈል ትንንሽ የዩሮ ኖቶች መያዝ አይዘንጋ።

ብስክሌቱና ጓዙ

ለዚህ ጉዞ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጠንካራ ቸርኬ፣ አስተማማኝ ፍሬንና ዳገት ላይ እግርን የማይሰብር ማርሽ ነው። የፊተኛው ትንሹ ማርሽ ከኋለኛው ትልቁ ጋር እኩል ወይም ያነሰ ጥርስ ቢኖረው ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ይቻላል። የጎማው ስፋት ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአስፋልቱም ለገዳም ኮረኮንች መንገድም ይበቃል። ጓዙ በኋላ ወንበር ላይ በሚንጠለጠሉ ሁለት ውኃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ተደምሮ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለት ተለዋጭ ከመነዳሪ፣ የጎማ ማጣበቂያ፣ ፖምፓ፣ የካቴና መፍቻና ማገናኛ፣ ሁለት ሦስት የቸርኬ ሽቦ፣ ተለዋጭ የፍሬን ሸራና ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻዎች ይያዙ። ከጎንደር ከመውጣትዎ በፊት ብስክሌት ሠሪው አጠገብ ተቀምጠው ጎማ መለወጥን፣ ካቴና መቀጠልንና ፍሬን ማጥበቅን በገዛ እጅዎ ይሥሩ፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው በፒንዶስ ተራራ ላይ ጎሚስታ አያገኝም።

ልብስን በተመለከተ፣ አጭር የብስክሌት ሱሪ ለብሶ ወደ ገዳም መግባት አይቻልም። ወንድ ረጅም ሱሪ፣ ሴት ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ይጠበቅባቸዋል፤ ትከሻም መሸፈን አለበት። በአንዳንድ ገዳማት በር ላይ ለሴቶች የሚታጠቅ ጨርቅ ቢሰጥም በእሱ መተማመን አይገባም። ስስ ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስና አንድ ነጠላ በቦርሳው የላይኛው ክፍል ቢቀመጡ በር ላይ ደርሶ ሻንጣ ከመበርበር ያድናሉ። ነጠላ ለዚህ ጉዞ ከሚያዙት ሁሉ የተሻለ ዕቃ ነው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ፀሐይ ይከላከላል፣ በጠዋት ቅዳሴም ላይ ያሞቃል።

በአውሮፕላን ለመጫን ብስክሌቱ ተፈታቶ በካርቶን ይታሸጋል። ፔዳሎቹ ሲፈቱ የግራው ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞር ያስታውሱ፤ የጎማው አየር ይቀነስ፤ የስልክ መሙያ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የምድጃ ጋዝ ግን ጨርሶ አይጫንም። ስለ ስንቅ ካነሣን፣ የአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ስለማያስገባ ቋንጣና ቅቤ ቤት ይቅሩ፤ በሶ ግን ለዳገት ቀን ከየትኛውም የታሸገ የስፖርት ምግብ አያንስም።

ልምምድ በጎንደር ዙሪያ

ወደ ጎሃ ተራራና ወደ ቁስቋም የሚወስዱት ዳገቶች አጭርና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጭነት ይዞ ለመለማመድ በቂ ናቸው። የመንገዱ ሁኔታ ሰላም መሆኑ ተጠይቆ ሲረጋገጥ፣ ወደ ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ መመለስ የካታራን ቀን ያስተምራል፤ በአዘዞ በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳ መውረድ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ በሜዳ ላይ ከዳገት ይልቅ እንደሚያደክም ያሳያል፤ የቴሳሊያ ሜዳም እንዲሁ ነው። ከልምምዱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቁልቁለቱ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ጭነት የያዘ ብስክሌት በመታጠፊያ ላይ ባዶ ሆኖ እንደሚቆመው አይቆምም፤ ፍሬንን ከመታጠፊያው በፊት ይዞ በመታጠፊያው ውስጥ መልቀቅ እዚሁ ሊለመድ ይገባል።

የጉዞው መሥመር

ከአቴንስ በብስክሌት ለመውጣት መታገል ትርፍ የለውም። ኬቴል የሚባሉት የየአውራጃው የአውቶቡስ ማኅበራት ቦታ ሲኖር ብስክሌትን በሻንጣ ክፍል ይጭናሉ፤ ውሳኔው የሾፌሩ ስለሆነ ቀድሞ መድረስ፣ የፊት ጎማውን መፍታትና በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። ባቡርም አለ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የደረሰው የዳንኤል ማዕበል የቴሳሊያን የባቡር ሐዲድ ክፉኛ ስለጎዳው በዚያ አካባቢ ዕቅድን በአውቶቡስ ላይ መመሥረት ይሻላል። በአውቶቡስ እስከ ሊቫዲያ ሄዶ ከዚያ ብስክሌት መጀመር ከዋና ከተማው ግርግር ያድናል።

ከሊቫዲያ ወደ ዲስቶሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ እዚህ ቢያበቃ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከመንደሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የኦሲዮስ ሉካስ ገዳም በጠዋት ቢገቡበት የፀሐዩ ብርሃን በሞዛይኩ ላይ ሲያርፍ ያያሉ። ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ953 ባረፈው በመነኩሴው በሉቃስ ስም የተጠራ ነው፤ አንዱ የአሥረኛው፣ ሌላው የአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን የሆኑ ሁለት የተጣበቁ አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲስቶሞ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1944 የጀርመን ወታደሮች ከ200 በላይ የመንደሩን ሰዎች ገድለዋል፤ ከመንደሩ በላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በ1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የሆነውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቦታ ሳይሳለም ያልፋል ብዬ አላስብም።

ከዲስቶሞ በኋላ መንገዱ ወደ አራኾቫ፣ ወደ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ይወጣል፤ ከዚያ በፓርናሶስ ተራራ ጥግ ጥጉን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ዴልፊ ይገባል። ዴልፊ ገዳም ሳትሆን የጥንት አማልክት ስፍራ ናት፤ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ቁልቁል በወይራ ጫካ መካከል ወደ አምፊሳ፣ ከዚያም ተራራውን ተሻግሮ ወደ ላሚያ፣ በዶሞኮስ በኩልም ወደ ቴሳሊያ ሜዳ መዝለቅ ሦስት ቀን ያህል ይወስዳል። በሜዳው ላይ ያሉት ካርዲትሳና ትሪካላ ሕዝቡ ራሱ በብስክሌት የሚመላለስባቸው ከተሞች ስለሆኑ ጎማና ፍሬን የሚታዩት፣ የጎደለ መለዋወጫ የሚገዛውም እዚያ ነው። ከትሪካላ ካላምባካ 20 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ጥቂት ነው።

ሜቴኦራ

ከካላምባካ በላይ በቆሙት ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች አናት ላይ ዛሬ መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚኖሩባቸው ስድስት ገዳማት አሉ፦ ታላቁ ሜቴኦሮን፣ ቫርላአም፣ ሩሳኑ፣ ቅዱስ ኒቆላዎስ አናፓፍሳስ፣ ቅድስት ሥላሴና ቅዱስ እስጢፋኖስ። ሩሳኑና ቅዱስ እስጢፋኖስ የሴቶች ገዳማት ናቸው። ታላቁን ሜቴኦሮን በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን የመሠረተው ከአቶስ የመጣው መነኩሴ አትናቴዎስ ነው። የዛሬዎቹ የድንጋይ ደረጃዎች የተጠረቡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሰውም ዕቃም በገመድ መረብ ይሳብ ነበር፤ ደብረ ዳሞን በጠፍር ገመድ የወጣ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም።

ገዳማቱ በሳምንት የሚዘጉበት ቀን የተለያየ ስለሆነ ስድስቱንም በአንድ ቀን ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቢቻልም አይመከርም። ሁለት ተከታታይ ቀናት ይምረጡ፤ የሁሉንም የመዝጊያ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው እያንዳንዱ ቢያንስ በአንዱ ቀን ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ይህን ወረቀት የሚያዘጋጁት ካላምባካ ሲደርሱ ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ነው፤ ከዴልፊ ጀምሮ ያለው የየቀኑ ርቀት በዚህ ወረቀት ይወሰናልና። የበጋና የክረምት ሰዓታቸውም ስለሚለያይ ካላምባካ ገብተው በዋዜማው ማደሪያዎን ደግመው ይጠይቁ።

ማደሪያውን ከካላምባካ ይልቅ ከዓለቶቹ ሥር ባለችው በካስትራኪ መንደር ማድረግ ዳገቱን ያሳጥራል። በመጀመሪያው ቀን በ8:00 ተነሥቶ ጭነቱን ማደሪያ ትቶ መውጣት፣ ቅዱስ ኒቆላዎስን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሩሳኑን ማየት፣ ከዚያም በመንታ መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ቫርላአም መውጣት ይቻላል። በሁለተኛው ቀን በቀጥታ ወደ ታላቁ ሜቴኦሮን ሄዶ በሩ ሲከፈት እዚያ መገኘት ያስፈልጋል፤ የአስጎብኚ አውቶቡሶች 10:00 ገደማ ሲደርሱ ደረጃው በሰው ይሞላል። ከዚያ ወደ መንታው ተመልሶ ቅድስት ሥላሴንና ቅዱስ እስጢፋኖስን አይቶ ወደ ካላምባካ መውረድ ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ በድልድይ የሚገባበት ስለሆነ ለደከመ ጉልበት ለመጨረሻ መተው ይጠቅማል፤ ቅድስት ሥላሴ ግን ወርዶ እንደገና በብዙ ደረጃ የሚወጣበት ነው። የብስክሌት ጫማ በተወለወለ ድንጋይ ላይ ስለሚያንሸራትት ቀላል ጫማ መያዝ ግድ ነው። ብስክሌቱን በቁልፍ አስሮ ከመግቢያው አጠገብ ማቆም ይቻላል፤ ሆኖም ፓስፖርትና ገንዘብ ከሰውነት አይለዩ።

በገዳም ውስጥ የእንግዳ ሥርዓት

ለተዋሕዶ ምእመን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናችንና የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አልተባበሩም። ስለዚህ በግሪክ ገዳም ቅዳሴ መቆም፣ ሥዕል መሳለምና ሻማ ማብራት ቢቻልም ለመቁረብ መቅረብ አይገባም፤ ከየት እንደመጡና የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆኑ ሲጠየቁም በግልጽ መናገር ክብር እንጂ ነውር የለበትም። በአንዳንድ ገዳማት በቅዳሴ ጊዜ በውጭኛው ክፍል እንዲቆሙ ቢጠየቁ ሳይከፉ መታዘዝ ነው። ሌላው ልዩነት ቀላል ነው፤ በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አይወለቅም።

መነኩሴን ሲያገኙ «ኤቭሎጊቴ» ማለት እንደ እኛው «ይባርኩኝ አባቴ» ነው፤ መልሱም «ኦ ኪሪዮስ» ነው። መነኩሴውን «ፓተር»፣ አበ ምኔቱን «ዬሮንዳ»፣ እመ ምኔቷን «ዬሮንዲሳ» ብለው ይጥሩ። አርኾንዳሪኪ በሚባለው የእንግዳ ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቡናና ሉኩሚ የሚባል ጣፋጭ ይቀርባል፤ መቀበል ያስፈልጋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ ግን አደናጋሪ ነው፤ እኛ ቅንድብ አንሥተን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል፣ በግሪክ ቅንድብ ማንሣትና ራስን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ «አይሆንም» ማለት ነው። ውኃ ይጨመርልዎ ተብለው ሲጠየቁ በቃል ይመልሱ።

ከአቶስ ውጭ ባሉ ገዳማት ማደር የእንግዳ መብት አይደለም። አስቀድሞ ደውሎ የጠየቀና ፈቃድ ያገኘ ብቻ ያድራል፤ ሲመሽ በብስክሌት በር ላይ ደርሶ ማስጨነቅ አይገባም። ገላጣ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከልም በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚያድሩት በተፈቀዱ የድንኳን ሰፈሮች ወይም «ዶማቲያ» የሚል ጽሑፍ በተሰቀለባቸው የኪራይ ክፍሎች ነው።

የጾም ምግብ ማግኘት አያስቸግርም። ረቡዕና ዓርብ እነሱም ይጾማሉ፤ «ኒስቲሲሞ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ፋሶላዳ የሚባለው የቦሎቄ ሾርባ፣ በቲማቲም የተሠራው ትልልቅ ቦሎቄ ጊጋንዴስ፣ ኾርታ የሚባለው ቅቅል ቅጠል፣ ከሰሊጥ የሚሠራው ሃልቫስም ለብስክሌተኛ ጥሩ ኃይል ይሰጣሉ። ሆኖም እነሱ በጾም የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ስለሚበሉ፣ በሳህኑ ውስጥ ያለውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ካታራና ኢዮአኒና

ከካላምባካ ወደ ሜትሶቮ በአሮጌው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ240 ሜትር ገደማ እስከ 1,700 ሜትር ይወጣል። ኤግናቲያ የተባለው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ መኪናው ወደዚያ ስለሄደ አሮጌው መንገድ ጭር ብሏል፤ ለብስክሌተኛ መልካም ቢሆንም የተሰነጠቀና የተንሸራተተ ቦታ አለው፣ ሱቅም የለውም። በ6:30 ተነሥቶ ከአራት ሊትር ያላነሰ ውኃና የሙሉ ቀን ስንቅ ይዞ መውጣት ይበጃል። በፒንዶስ ቡናማ ድቦች ስላሉ ስንቅን ከማደሪያ ውጭ አለመተው ይመረጣል። ሜትሶቮ ገብቶ አንድ ሌሊት ማረፍ፣ በማግሥቱ በአሮጌው መንገድ ወደ ኢዮአኒና መውረድ ነው።

ኢዮአኒና ለጣና ልጅ የምትስማማ ከተማ ናት። በሐይቋ ላይ ባለችው ደሴት በርካታ ትንንሽ ገዳማት አሉ፤ በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በፊላንትሮፒኖን ገዳም ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ጋር ፕላቶንና አርስጣጣሊስን የመሳሰሉ የግሪክ ፈላስፎች ተሥለዋል። ጊዜ ያለው ሰው ከከተማዋ በስተ ሰሜን ወዳሉት እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ወደተመዘገቡት የዛጎሪ መንደሮች ወጥቶ፣ የድንጋይ ድልድዮቹንና ከቪኮስ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራውን የቅድስት ፓራስኬቪ ገዳም ያያል።

በመንገድ ላይ ያሉ አደጋዎች

የግሪክ የበግ ጠባቂ ውሾች ብስክሌትን ያሳድዳሉ። እየሮጡ ማምለጥ ከቁልቁለት በቀር አይሳካም፤ ቆሞ መውረድ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ካስፈለገም ድንጋይ ለማንሣት ማጎንበስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ዘዴ የደምቢያ ልጅ አያስተምሩትም። አረንጓዴ የመንገድ ምልክት ብስክሌት የተከለከለበትን ፈጣን መንገድ ስለሚያመለክት ወደዚያ አይግቡ፤ ሰማያዊው ለተራ መንገድ፣ ቡናማው ለገዳማትና ለቅርስ ስፍራዎች ነው። በመንገድ ዳር የሚታዩት ኩራዝ የበራባቸው ትንንሽ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌዎች ብዙ ጊዜ የተተከሉት አደጋ በደረሰባቸው ቦታዎች ስለሆነ፣ በቁልቁለት መታጠፊያ ላይ አንዱን ሲያዩ ፍሬን መያዝ ጥሩ ልማድ ነው። ማናቸውም አደጋ ቢደርስ የሚደወለው 112 ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በየምሽቱ የነገውን መንገድና የማደሪያውን ስም ጎንደር ላለ አንድ ሰው ይላክ፤ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ በስልኩ ላይ ያውርድ።

አቶስን ለሚያስቡ

አቶስን ማየት የሚፈልግ ወንድ ከኢዮአኒና በአውቶቡስ ወደ ተሰሎንቄ፣ ከዚያ ወደ ኡራኑፖሊ ይሄዳል። ሃያ ገዳማት ያሉበት ይህ ልሳነ ምድር ሴቶችን አያስገባም። ለመግባት ዲያሞኒቲሪዮን የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው በተሰሎንቄ ላለው የተሳላሚዎች ቢሮ ከወራት በፊት ይቀርባል። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አባል ላልሆኑ በቀን የሚፈቀደው አሥር ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የተዋሕዶ ምእመን በየትኛው እንደሚመዘገብ በማመልከቻው ጊዜ ይጠይቅ። ፈቃዱ ለአራት ቀናት ነው፤ ከፈቃዱ በኋላም እያንዳንዱ የሚታደርበት ገዳም ተለይቶ ይጠየቃል። ብስክሌቱ ኡራኑፖሊ ማደሪያ ቤት ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው በመርከብ ወደ ዳፍኒ ነው። አቶስ በአሮጌው የዘመን አቆጣጠር ስለሚሄድ ልደትን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራል፤ በአብዛኞቹ ገዳማትም የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ የጸሎቱንና የማዕዱን ሰዓት ከእንግዳ ተቀባዩ አባት ጠይቀው ከስልክዎ ጋር ያመሳክሩ። ሴት ተጓዥ ደግሞ አቶስ በሚገኝበት በኻልኪዲኪ ምድር፣ በኦርሚሊያ ያለውን ትልቁን የሴቶች ገዳም አስቀድማ ደውላ ብትጎበኝ የአቶስን የጸሎት ሥርዓት ታያለች፤ ገዳሙ ከአቶሱ ከሲሞኖፔትራ ጋር የተያያዘ ነውና።

ለመመለስ በአውቶቡስ አቴንስ መግባት፣ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት የብስክሌት መሸጫ ሱቅ ሄዶ ባዶ ካርቶን መለመን፣ ፔዳሎቹን መፍታትና በማሸጊያ ፕላስተር ማሰር ብቻ ነው የሚቀረው። እሑድ ሱቆች ዝግ ስለሆኑ በረራው ሰኞ ከሆነ ካርቶኑ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይያዝ።